ጸሐይ ተብሎ ሲፈለግ ፀሐይ የማይገኝበት ሰርቨር፦ ስለ ነባሪ ቅንብሮች የተከፈተ ክር

ክሩ፣ ማለትም በኢንተርኔት መድረክ ላይ የተነሳው ጥያቄና ተከታታይ መልሶቹ፣ በአንዲት ጠያቂ ይከፈታል፤ ነገሩን ሳታንዛዛ ነው የጀመረችው። ፒያሳ፣ ከአራዳ ጊዮርጊስ ወረድ ብሎ ባለ አንድ ቢሮ ውስጥ ወደ 200,000 የሚጠጋ ሰነድ ተከማችቷል። አብዛኛው አማርኛ ነው፤ ከፊሉ ወርድ፣ ከፊሉ ፒዲኤፍ፣ የቀረው ስካን የተደረገ ወረቀት። ሰነዱ ከቢሮው መውጣት ስለሌለበት ፍለጋው የሚሠራው እዚያው በተቀመጠ አንድ ማሽን ላይ ነው፦ 16 ጊጋባይት ራም፣ 1 ቴራባይት ኤስኤስዲ፣ ኡቡንቱ። የተመረጠው የፍለጋ ሶፍትዌር ኢላስቲክሰርች ነው። ጥያቄዋ፦ ከነባሪ ቅንብሮቹ፣ ማለትም ሶፍትዌሩ ሲጫን ይዟቸው ከሚመጣው፣ የትኛው እንዳለ ይተው፣ የትኛው የግድ ይለወጥ? ያሰበችውንም ዘርዝራለች፦ ለሂፕ (ሶፍትዌሩ ለሥራው ከራም ለሚይዘው ክፍል) 12 ጊጋባይት፣ 5 ሻርድ (ኢንዴክሱ፣ ማለትም የፍለጋ ማውጫው፣ የሚከፈልበት ቁራጭ)፣ ሁሉም ሠራተኛ እንዲደርስበት 9200 ፖርትን (ሰርቨሩ ጥያቄ የሚቀበልበትን በር) ለኔትወርኩ መክፈት፣ የፊደል ስህተት ማለፊያውን ለሁሉም ፍለጋ ማብራት። ከአራቱ አንዱም ሳይተች አልቀረም።

1ኛው መልስ በአንቱታ የተጻፈ፣ ትሕትና የሞላበት ነው። ሂፑ ከራሙ ግማሽ ማለፍ እንደሌለበት ያስረዳል። ከኢላስቲክሰርች ሥር የሚሠራው ሉሲን የኢንዴክስ ፋይሎቹን የሚያነበው በኦፕሬቲንግ ሲስተሙ የፋይል ካሽ (ከዲስክ የተነበበው በራም ላይ በሚቆይበት ቦታ) በኩል ነው፤ 12 ጊጋ ለሂፕ ከተሰጠ ለካሹ የሚተርፈው ጥቂት ይሆንና ፍለጋው ሁሉ ወደ ዲስክ ይሮጣል። በዚያ ላይ ከፒዲኤፍ ጽሑፍ የሚያወጣው ቲካና ስካኑን የሚያነበው ቴሰራክት እዚያው ማሽን ላይ ስለሚሠሩ 8 እንኳ እንደሚበዛ፣ 4 ጊጋባይት እንደሚበቃ ይገምታል። መነሻውና ጣሪያው እኩል ይሁኑ፤ ሁለቱም 4። ከ7.11 እትም ወዲህ ሰርቨሩ ሂፑን ራሱ ይመድባል፤ ችግሩ ማሽኑ የእሱ ብቻ እንደሆነ አድርጎ መቁጠሩ ነው። ጎረቤት ያለበት ማሽን ላይ ይህ ነባሪ አያዛልቅም።

2ኛው ሂፕ ወደ 32 ጊጋባይት ሲጠጋ ጃቫ የታመቁ አድራሻዎችን መጠቀም እንደሚያቆምና ማህደረ ትውስታው እንደሚባክን ጨምሯል። እውነት ነው። ባለ 16 ጊጋ ማሽን ለያዘ ሰው ግን በባዶ ኪስ ስለ ባንክ ወለድ ማውራት ነው።

3ኛው ወደ ሻርድ ይሻገራል። 5 የሚለው ቁጥር ከአሮጌ መመሪያ የተቀዳ እንደሚመስለው፣ ከ7.0 በፊት ነባሪው እንደዚያ እንደነበረ፣ ከዚያ ወዲህ ግን 1 እንደሆነ ያስታውሳል። አንድ ሻርድ ከ10 እስከ 50 ጊጋባይት ቢይዝ አይከብደውም፤ የ200,000 ሰነድ ጽሑፍ ብቻውን ሲወጣ ከዚህ ማለፉ ያጠራጥራል። ስለዚህ ይህ ነባሪ ይተው። የሚለወጠው ሬፕሊካው፣ ማለትም የሻርዱ ተጨማሪ ቅጂ፣ ነው። ነባሪው 1 ነው፤ ሁለተኛ ኖድ (ሰርቨር) በሌለበት ያ ቅጂ ማረፊያ ያጣና የክላስተሩ (የሰርቨሮቹ ስብስብ) የጤና ቀለም ቢጫ ሆኖ ይቀራል። 0 ሲደረግ አረንጓዴ ይሆናል። ይህን ለዓይን ማማር ብቻ የሚወስዱት እንዳሉ ጠቅሶ፣ ሁልጊዜ ቢጫ የሆነ ሰሌዳ እውነተኛ ችግር ሲመጣ ማንም ዞር ብሎ እንደማያየው ያስጠነቅቃል።

4ኛው አጭር ነው፣ ግን ብዙዎች የሚስቱትን ይዟል። የኡቡንቱ የማህደረ ትውስታ ካርታ ጣሪያ፣ ማለትም ማክስ ማፕ ካውንት የሚባለው፣ ቢያንስ 262,144 መሆን አለበት። ስዋፕ፣ ማለትም ራም ሲጠብ ዲስክን እንደ ራም መጠቀም፣ ይጥፋ፤ ወይም ማህደረ ትውስታው ይቆለፍ፣ ለዚህም በሲስተምዲ (በኡቡንቱ የአገልግሎት አስነሺ) በኩል የመቆለፍ ገደቡ ይነሳ። ሂፑ ወደ ስዋፕ ከወጣ የጃቫ ቆሻሻ ማጽጃ ሥራውን ለመጨረስ ረጅም ጊዜ ይፈጅበታል፣ ፍለጋውም መሐል ላይ ቀጥ ይላል። ሰርቨሩ ሲነሳ እነዚህን የሚፈትሽበት ዘዴ አለው። ነገር ግን በነጠላ ኖድ ሁነታ ሲነሳ ፍተሻው አያስገድድም። ያለ ቅሬታ ተነሣ ማለት ሁሉ ደህና ነው ማለት እንዳልሆነ ያሳስባል።

5ኛው ላይ ድምፁ ከፍ ይላል። ጸሐፊው 9200ን ለኔትወርኩ የመክፈቱን ሐሳብ ሲያይ መታገሥ አልቻለም። የሰርቨሩ የራሱ ነባሪ 127.0.0.1 (ከዚያው ማሽን ብቻ የሚደረስበት አድራሻ) ላይ ብቻ እንዲያዳምጥ ነው፤ እንዲህ የተደረገው በምክንያት ነው። ከ8ኛው እትም ወዲህ ግን ከፓኬጅ ሲጫን የሚጻፈው የቅንብር ፋይል ፖርቱን ለሁሉም አድራሻ ስለሚከፍት ወደ 127.0.0.1 ይመለስ ይላል። በ2017 መጀመሪያ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የይለፍ ቃል ሳይኖራቸው ለኢንተርኔት የተጋለጡ በሺህ የሚቆጠሩ የኢላስቲክሰርች ሰርቨሮች ዳታቸው ተጠርጎ በምትኩ የቢትኮይን ክፍያ የሚጠይቅ መልእክት ብቻ እንደተገኘባቸው ያስታውሳል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውንም አልዘነጋም። ሠራተኛው የሚደርሰው ከፊት ባለው ድረ ገጽ በኩል ይሁን፤ ከሰርቨሩ ጋር የሚነጋገረው ያ ድረ ገጽ ብቻ ነው። ከ8ኛው እትም ጀምሮ የይለፍ ቃልና ምስጠራ በነባሪ በርቶ ይመጣል። ብዙ ሰው ከምስጠራው ሰርተፍኬት ጋር መታገል ሰልችቶት ያጠፋዋል፤ እሱን የሚያጠፋ ሰው የቢሮውን በር ነቅሎ ቁልፉን ኪሱ እንደሚይዝ ሰው ነው ሲል ይዘልፋል። ከሁሉ የሚጠቅመው ግን መጨረሻ ላይ የጣላት መስመር ናት፦ ዶከር (ሶፍትዌርን በየሳጥኑ ለይቶ የሚያስኬድ መሣሪያ) የሚከፍተው ፖርት በኡቡንቱ ፋየርዎል ላይ ተዘግቶ ቢሆንም ያልፋል፣ ምክንያቱም ዶከር ሕጎቹን ከፋየርዎሉ ቀድሞ ራሱ ያስገባል። ስለዚህ ፖርቱ ሲሰጥ 127.0.0.1 ከፊቱ ይጻፍ።

6ኛው ኢላስቲክሰርች ለምን ተመረጠ ብሎ ወደ ፈቃድ ጉዳይ ይነዳዋል፦ በ2021 ከአፓቺ 2.0 ፈቃድ መውጣቱ፣ ከ7.10 እትም ላይ ኦፕንሰርች የተባለው አቻ ሶፍትዌር መገንጠሉ። 7ኛው በ2024 ኤጂፒኤል የተባለው ክፍት ፈቃድ እንደተጨመረ፣ ኦፕንሰርችም በዚያው ዓመት ወደ ሊኑክስ ፋውንዴሽን እንደሄደ በመጥቀስ ክርክሩ ያለፈበት ነው ይላል። 8ኛው ሁለቱንም ዝም ያሰኛል፤ ለአንድ ቢሮ የውስጥ ፍለጋ ሁለቱም እንደሚያስኬዱ፣ እስካሁን የተባሉት ቅንብሮችም በሁለቱ ላይ በአብዛኛው አንድ እንደሆኑ።

እስከዚህ ያለው የትም አገር ያለ መድረክ ላይ የሚገኝ ምክር ነው። ክሩ የሚነበብ የሆነው ከ9ኛው ጀምሮ ነው።

9ኛው፣ ከሁሉም ረጅሙ፣ ሁሉም ሰው ስለ ራም ሲጨቃጨቅ ፊደሉን የጠየቀ አለመኖሩ እንደገረመው ገልጾ ይነሳል። ሉሲን ከ30 ለሚበልጡ ቋንቋዎች የተዘጋጀ አናላይዘር (ጽሑፍን ለፍለጋ ወደሚመዘገቡ ቃላት የሚለውጥ ክፍል) ይዞ ይመጣል፤ አማርኛ ከነሱ ውስጥ የለም። ነባሪው አናላይዘር ቃላቱን በክፍት ቦታ፣ በሁለት ነጥብና በአራት ነጥብ ይለያል፤ እስከዚህ ድረስ ደህና ነው። ከዚያ በኋላ የሚሠራው ትልቁን ፊደል ትንሽ ማድረግ ነው፤ ፊደላችን ደግሞ ትልቅና ትንሽ የለውም። ሀ፣ ሐ እና ኀ ለሰርቨሩ ሦስት የማይተዋወቁ ፊደላት ናቸው። ጸሐፊው ቆጥሮ አሳይቷል። ኃይል የሚለው ቃል መነሻ ፊደሉ ብቻ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊሆን ስለሚችል በ6 መንገድ ይጻፋል። ዓለም በ4፣ ፀሐይ ደግሞ በ12። ኃይለ ሥላሴ ከነሥ እና ሴ አማራጩ ወደ 24 ይደርሳል፣ ያውም አንድ ላይ መጻፉና መለያየቱ ሳይቆጠር። አንዱን የጻፈ ሰው ሌሎቹን አያገኝም፤ ሰነዱ እንደሌለ ቆጥሮ ይሄዳል።

መፍትሔ ያለው ቃሉ ከመለየቱ በፊት ፊደሉን የሚተካ የካራክተር ማጣሪያ ነው። ሐን እና ኀን ከነእርባታቸው ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ መመለስ፤ 5 ቤት በ7 እርባታ 35 መስመር ይሆናል። በዚህ ላይ ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ፤ ሓ፣ ኃ እና ዓ ደግሞ ወደ ራብዕ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ግዕዙ። ጐ ወደ ጎ፣ ቈ ወደ ቆ፣ ኰ ወደ ኮ፤ አለዚያ ጐንደርና ጎንደር ሁለት ከተማ ይሆናሉ። ዉ ወደ ው፤ ውስጥን ዉስጥ ብሎ የሚጽፈው ሰው ብዙ ነውና። ማጣሪያው ሲመዘገብም ሲፈለግም አንድ መሆን አለበት። ከሁሉ በላይ ይህ ሁሉ የመጀመሪያው ሰነድ ከመግባቱ በፊት ይደረግ፤ አናላይዘሩ በኋላ ከተለወጠ አሮጌዎቹ ሰነዶች እንደተመዘገቡበት ይቀራሉ፣ ሁሉንም እንደገና ማስገባት ግድ ይሆናል። ቴሰራክት ያነበበው ጽሑፍ ከኢንዴክሱ ውጭ በተራ ፋይል ይቀመጥ ይላል፤ እንደገና መመዝገቡ ከባድ አይደለም፣ ከባዱ እንደገና ማንበቡ ነው።

10ኛው በጨዋ ደንብ ይቃወማል። ሰአለ ለመነ ነው፣ ሠዐለ ሥዕል ሣለ ነው፤ ማጣሪያው ሁለቱን ያዋህዳቸዋል። የቤተ ክርስቲያን ጽሑፍና የግዕዝ ጥቅስ ያለበት ሰነድ ላይ ይህ ጥፋት ነው። ማጣሪያው ይኑር፣ ግን ሳይነካ የተመዘገበ ንዑስ መስክ ጎን ለጎን ይቀመጥና በፍለጋ ጊዜ ለእሱ ከፍ ያለ ክብደት ይሰጠው፤ ሠዐለ ብሎ የጻፈ ሰው መጀመሪያ ሠዐለን ያያል፣ ሰአለም ከታች ይከተላል። ዲስኩ ይህን ለመሸከም አይቸገርም። በእኔ ሚዛን የክሩ ምርጥ ሁለት መልሶች እነዚህ 9ኛውና 10ኛው ናቸው።

ነገርን ነገር ያነሳዋል፤ 11ኛው መመለሻ ፊደል ሆኖ ጸ ለምን ተመረጠ፣ ትክክለኛው ፀ ነው ብሎ ተነሣ። ፀሐይ በፀሐዩ ፀ፣ ጸሎት በጸሎቱ ጸ እንደሚጻፍ ይከራከራል። 12ኛው ላይ አንቱታው ቀረ። እስከዚያ እርስዎ ሲባባሉ የነበሩት ሰዎች አንተ ተባባሉ፤ 12ኛው የ11ኛውን ጸሐፊ የቴክኒክ ጥያቄውን ወደ ቅኔ ጉባኤ እንደለወጠው ነግሮ፣ ይህን ያህል ለፊደሉ ከተቆረቆረ ራሱ ሐሳብን በየትኛው ሀ እንደጻፈ እንዲያይ ይጋብዘዋል (አይቼዋለሁ፣ ሃሳብ ነው ያለው)። 13ኛው እሳቱ ላይ ውሃ ያፈሳል። የተመረጠው ፊደል ለማንም ሰው አይታይም፤ በኢንዴክሱ ሆድ ውስጥ ብቻ ነው። የካራክተር ማጣሪያ የቃሉን ቦታ ስለሚይዝ በውጤቱ ላይ ደምቆ የሚወጣው ሰነዱ ላይ የተጻፈው እንዳለ ነው። ቢሻቸው ፀን ወደ ቁጥር 7 ይመልሱት፣ ፍለጋው ያው ነው።

14ኛው ወደ ሥርዓተ ነጥብ ይመልሰናል፣ ይህም ሊነበብ የሚገባው ነው። አሮጌ ሰነዶች ላይ በሁለት ነጥብ ፈንታ ከእንግሊዝኛው ቁልፍ የመጣ ኮለን በቃላት መሐል ይገባል። የሉሲን ነባሪ ቃል ለዪ በፊደላት መሐል ያለ ኮለን ላይ አይቆርጥም፤ ስለዚህ ሰላም:ለሁሉም አንድ ቃል ሆኖ ይመዘገባል። ከነጥብ በኋላ ክፍት ቦታ ካልተተወም መጣ.ሄደ አንድ ቃል ነው። በተቃራኒው እዝባር ይቆርጣል፦ ዓ.ም አንድ ቃል ሆኖ ሲቀር ዓ/ም ግን ዓ እና ም የሚሉ ሁለት ቁርጥራጮች ይሆናል፤ ት/ቤት ውስጥ ቤት ብቻውን ይወጣና ቤት የፈለገ ሁሉ የትምህርት ቤት ሰነድ ይጎርፍበታል። የሚመክረው፦ በሁለት ፊደላት መሐል ያለ ኮለን ወደ ክፍት ቦታ ይተካ፤ የታወቁት አሕጽሮተ ቃላት፣ ት/ቤት፣ ዓ/ም፣ ጠ/ሚ፣ መ/ቤት፣ በማጣሪያው ወደ ሙሉ ቃላቸው ይዘርዘሩ። በቁጥሮች መሐል ያለው ኮለን ግን አይነካ፤ ሰዓት ነውና።

15ኛው የጠያቂዋን አራተኛ ሐሳብ፣ የፊደል ስህተት ማለፊያውን፣ ያነሳል። አውቶ የተባለው ነባሪ አሠራር እስከ 2 ፊደል ያለውን ቃል ልክ እንደተጻፈ ይፈልጋል፣ ከ3 እስከ 5 ፊደል ያለውን 1 ስህተት ይፈቅድለታል፣ ከዚያ በላይ 2። ይህ የተለካው ድምፅና አናባቢ ለየብቻ ለሚጻፍበት ቋንቋ ነው። በእኛ አንድ ፊደል አንድ ቀለም ነው፤ መኪና 3 ፊደል ነው፣ አንዷ ስትለወጥ መዲና ይሆናል። ማሽኑ ስህተት አረምኩ ብሎ ሌላ ቃል ያመጣል። አውቶ ሲጻፍ ድንበሩን 4 እና 7 ማድረግ ይቻላል፦ ከ4 ፊደል በታች ምንም ስህተት አይፈቀድም፣ ከ4 እስከ 6 አንድ፣ ከ7 ጀምሮ ሁለት። የመጀመሪያው ፍለጋ ያለ ስህተት ይሂድ፤ ምንም ካልተገኘ ብቻ ሁለተኛው በስህተት ማለፊያ ይሞከር።

16ኛው ግን የስህተት ማለፊያው ሳይታሰብ ሌላ ጥቅም እንዳለው ይናገራል፤ መኪና ሲፈለግ የመኪና እና በመኪና በአንድ ፊደል ልዩነት ይገኛሉ። 17ኛው ይህን በአንድ ምሳሌ ያፈርሰዋል፦ ቤት 2 ፊደል ስለሆነ በነባሪው ምንም ስህተት አይፈቀድለትም፣ የቤት አይገኝም። ስንቱ መሠረታዊ ቃል ሁለት ፊደል ነው! ስለዚህ መነሻ ቅጥያዎቹን የ፣ በ፣ ለ እና ከ ነጥሎ ማውጣት እንደሚሻል ያምናል። 18ኛው ወዲያው መለሰለት፦ በጭፍን ከተቆረጠ ከተማ ተማ፣ የካቲት ካቲት፣ በሬ ሬ ይሆናሉ፤ በቆሎ የፈለገ ደግሞ ቆሎ ይመጣለታል። ክሩ ውስጥ ሰው ሁሉ የሳቀበት ቦታ ይህ ነው። ከዚያ ግን ራሱ መላ ያቀርባል። ፓተርን ካፕቸር የሚባለው የቶክን (ተለይቶ የወጣ ቃል) ማጣሪያ ዋናውን ቃል ሳይጥል የተቆረጠውን ከጎኑ በዚያው ቦታ ያስቀምጣል፤ በቆሎ በቆሎነቱን አያጣም። ከቅጥያው በኋላ የሚቀረው ቢያንስ 3 ፊደል ከሆነ ብቻ ይቆረጥ። የቤት በዚህ ሕግ ይቀራል፤ የሁለት ፊደል ቃላቱ ዝርዝር ተለይቶ ይጨመር፣ ረጅም አይሆንም። ለብዙ ቁጥር ሌላ ጣጣ አለ። ቤት ቤቶች ሲሆን ትው ቶ ይሆናል፤ ሁለቱ ቃላት የሚጋሩት ቤን ብቻ ነው፣ ከፊት ጀምሮ የሚቆርጥ ማንኛውም ዘዴ አያገናኛቸውም። መጨረሻው ቶች የሆነውን ወደ ት፣ ሮች የሆነውን ወደ ር መመለስ ለእያንዳንዱ የፊደል ቤት አንድ ሕግ ይጠይቃል። ያም ሆኖ መኪኖች መኪን እንጂ መኪና አይሆንም፤ ያኔ ወደ ተመሳሳይ ቃላት ዝርዝር መሄድ ነው።

እዚሁ ላይ 19ኛው ሁሉንም በኮከብ ምልክት መፍታት እንደሚቻል፣ *ቤት* ብሎ መፈለግ እንደሚበቃ ጻፈ። 20ኛው ያለ ርኅራኄ ነው የመታው፦ ከፊት ኮከብ ያለበት ፍለጋ በኢንዴክሱ ያሉትን ልዩ ቃላት አንድ በአንድ ያያል፣ አሥር ሰው ባንዴ ከፈለገ ማሽኑ ይንበረከካል፤ ውድ ፍለጋዎችን የሚፈቅደው ቅንብር በነባሪ ክፍት ስለሆነ ይዘጋ። 21ኛው ያርመዋል፤ ያ ቅንብር ሲዘጋ የስህተት ማለፊያ ፍለጋም አብሮ ይታገዳል፣ የ15ኛው ምክር ሁሉ ገደል ይገባል። ከፊት ባለው ድረ ገጽ ኮከቡን ማጥፋት ይበቃል፤ ለፍለጋ የጊዜ ገደብም ነባሪው ገደብ የለሽ ስለሆነ 10 ሰከንድ ይሰጠው። 20ኛው ስህተቱን ተቀበለ። በዚህ ክር ውስጥ ስህተቱን የተቀበለ እሱ ብቻ ነው።

22ኛው ሜይሊሰርች የተባለው ሌላ የፍለጋ ሶፍትዌር ቀላል ስለሆነ እሱን ያስቀድማል። የሱ የስህተት ድንበር በነባሪ 5 እና 9 ፊደል መሆኑን አልጠቀሰም፤ በአማርኛ አብዛኛው ቃል ከ5 ስለሚያንስ ማለፊያው እዚያ ድንበሩ እስኪስተካከል ድረስ ከሞላ ጎደል አይሠራም።

ከዚያ የመብራት መጥፋት ጉዳይ ይነሳል፣ እንዴት ሳይነሳ። 23ኛው የሚሰጠው ምክር በቅደም ተከተል የተቀመጠ ነው። ሰርቨሩ እያንዳንዱን ጽሑፍ ተቀብያለሁ ከማለቱ በፊት ዲስክ ላይ ማስፈሩን ያረጋግጣል፤ ይህ ነባሪ ነው፣ አይነካ። መጫኑን ለማፋጠን ይህን በየ5 ሰከንዱ እንዲሆን የሚመክሩ ጽሑፎች አሉ፤ በዚያ መሐል መብራት ከጠፋ የ5 ሰከንዱ ሥራ የለም። መፍጠን ካስፈለገ አዲስ የገባውን ሰነድ ለፍለጋ የሚያበቃው ማደሻ፣ በነባሪ 1 ሰከንድ የሆነው፣ ለመጀመሪያው ጭነት ይጥፋና ሲያልቅ ይመለስ። ዩፒኤሱ በዩኤስቢ ከማሽኑ ጋር ይገናኝና ባትሪው ሲደክም ሰርቨሩን በሥርዓት እንዲያጠፋ ፕሮግራም ይጫን፤ አለዚያ ዩፒኤስ ማለት መዘግየት ብቻ ነው። መብራት ሲመለስ ማሽኑ ራሱ እንዲነሳ በባዮስ ይታዘዝ። ኢላስቲክሰርች ከፓኬጅ ሲጫን ከማሽኑ ጋር አብሮ እንዲነሳ በነባሪ አልተመዘገበም፣ በሲስተምዲ መመዝገብ አለበት። 24ኛው አንድ ነገር አከለ፦ የእናት ቦርዱ ሲአር2032 ባትሪ ከሞተ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ያኔ ሰርተፍኬቱ ገና ያልጀመረ ይመስልና ግንኙነቱ ሁሉ ይቆረጣል። ስህተቱ የይለፍ ቃል ይመስላል፤ ሰው ቀኑን ሙሉ የይለፍ ቃል ሲቀይር ይውላል። 25ኛው ደግሞ ስለ ፒያሳ የመንገድ ሥራ አቧራና ስለ ማራገቢያ ረጅም ነገር ጽፏል፤ አልፌዋለሁ።

26ኛው መጠባበቂያን ሲያነሳ አቃፊውን እየሠራ ባለ ሰርቨር ላይ ኮፒ ማድረግ መጠባበቂያ እንደማይባል ያስረግጣል፤ ስናፕሾት (ሰርቨሩ ራሱ የሚያነሳው ቅጂ) በሌላ ዲስክ ላይ፣ ዱካው አስቀድሞ በቅንብር ፋይሉ ላይ ተመዝግቦ። ዲስኩ 95 በመቶ ሲሞላ ኢንዴክሱ ወደ ማንበብ ብቻ ስለሚዞር ያን ጣሪያ ማጥፋት ሳይሆን ስናፕሾቱን ከዋናው ዲስክ ማራቅ ነው የሚያዋጣው። ሰዓቱን ለማስያዝ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የመረጠ ሰው 8 ብሎ ከጻፈ፣ የሰርቨሩ መርሐ ግብር በዩቲሲ (ከእኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ በሚቀረው ዓለም አቀፍ ሰዓት) ስለሚሄድ፣ ሥራው የሚጀምረው ከረፋዱ 5 ሰዓት፣ ቢሮው ሞቅ ባለበት ነው። የሌሊት 8 ሰዓት ማለት እዚያ 23 ነው። 27ኛው ቀኑንም ያነሳል። ሰርቨሩ ቀን የሚመስል ጽሑፍ ሲያይ መስኩን በራሱ የቀን መስክ ያደርገዋል፣ ይህ ነባሪ ይጥፋ። 2016-02-12 ብሎ የጀመረ መስክ 2016-02-30 ሲመጣለት ሰነዱን ይመልሳል፤ ለእኛ ጥቅምት 30 ነው፣ ለሰርቨሩ የካቲታቸው 30 ቀን የለውም። ጳጉሜንማ 13ኛ ወር ስለሆነች ጭራሽ አትገባም። የሚብሰው ሳይመለስ የገባው ነው፤ በ7 ወይም በ8 ዓመት ተሳስቶ ዝም ብሎ ይቀመጣል። የኢትዮጵያው ቀን እንደ ተራ ቃል፣ የተለወጠው ደግሞ በሌላ መስክ እንደ ቀን ይያዝ።

28ኛው ጠያቂዋ ናት። ሂፑን 4፣ ሬፕሊካውን 0 አድርጋለች፣ ማጣሪያውን አስገብታለች፣ ፖርቱን ዘግታለች። አሁን ሁለት ነገር ቸግሯታል፦ ረጃጅም ሰነዶች ከመጨረሻቸው የተወሰደ ቃል ሲፈለግ አይገኙም፤ አንዳንድ ፒዲኤፎች ደግሞ ጽሑፋቸው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ዝብርቅ ሆኖ ይወጣል። 29ኛው ለሁለቱም መልስ አለው። አባሪ ፋይል የሚያነበው ክፍል በነባሪ ከ100,000 ፊደል በኋላ ያቆማል፤ ገደቡ -1 ሲሆን ይነሳል። ዝብርቁ ዩኒኮድ ከመስፋፋቱ በፊት በቪዥዋል ግዕዝና በመሰሎቹ የተጻፈ ነው፤ ከሥሩ ያለው ኮድ የላቲን ስለሆነ ፊደሉ የሚታየው ፎንቱ ሲኖር ብቻ ነው። ሁለት መንገድ አለ፦ የፎንቱን ስም ከፋይሉ አንብቦ በዚያ ፎንት ሰንጠረዥ መለወጥ፣ ወይም ገጹን በ300 ዲፒአይ ወደ ምስል ቀይሮ በቴሰራክት የአማርኛ ሞዴል ማስነበብ። የመጀመሪያው ይጠራል፣ ሁለተኛው ለማዘጋጀት ይፈጥናል። ከጽሑፉ ውስጥ የግዕዝ ፊደል ድርሻው ከግማሽ በታች የሆነውን ሰነድ ለይቶ ወደዚህ መስመር የሚልክ አጭር ስክሪፕት እንዲጻፍ ይመክራል፤ እንግሊዝኛዎቹ በፎንታቸው ስም ይለያሉ።

30ኛው ሳይጠየቅ ቀጣዩን እንቅፋት ይጠቁማል። ከፊት ኤንጂንኤክስ የተባለው የድረ ገጽ ሰርቨር ካለ፣ ነባሪው ከ1 ሜጋባይት የሚበልጥ ጥያቄ አይቀበልም፣ የጅምላ ጭነቱ 413 የሚል ስህተት ይዞ ይመለሳል። ፍለጋውም በአድራሻው መስመር አይላክ፦ አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 3 ባይት ነው፣ አድራሻ ውስጥ ሲገባ 9 ምልክት ይሆናል። የኢላስቲክሰርች የአድራሻ መስመር ጣሪያ 4 ኪሎባይት ስለሆነ ከ455 ፊደል በላይ አይሄድም፤ በእንግሊዝኛ ሲሞከር የሚሠራ ሁሉ በአማርኛ ይወድቃል።

31ኛው የ9ኛውን የፊደል ሰንጠረዥ ሙሉውን ለሚፈልግ ተዘጋጅቶ እንዲለጠፍ ጠየቀ። 9ኛው ጸሐፊ ተመልሶ በ32ኛው ለጠፈው። 33ኛው ሧ እንዳለ፣ ሗ ግን እንደጎደለ ጠቁሟል። 34ኛው፣ ያው የ11ኛው ሰው፣ ጸ አሁንም ስህተት ነው ብሏል። መልስ የሰጠው የለም።